ከመብራት ምሰሶው ወረቀት እስከ ቢጫው መስመር፦ የእንግሊዝ ካውንስሎች የፓርኪንግ ገደብ አወጣጥ ሲገመገም

በእንግሊዝ ከተሞች አንድ ጎዳና ቢጫ መስመር ከመቀባቱ ከወራት በፊት ብዙውን ጊዜ በመብራት ምሰሶው ላይ ፕላስቲክ የለበሰ ወረቀት ይታሰራል። ፊደሉ ደቃቅ፣ ቋንቋው የጠበቃ ነው፤ ዝናብ ከገባበት ደግሞ ጨርሶ አይነበብም። ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰውም፣ አስቤዛ የሚገዛውም አይቶት ያልፋል። ወረቀቱ ግን ቀን እየቆጠረ ነው፤ 21 ቀን። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ተቃውሞውን በጽሑፍ ያላስገባ ሰው ስለ ጉዳዩ ቀጥሎ የሚሰማው የመኪናው መስታወት ላይ ከተለጠፈው ቲኬት ነው።

እዚህ የምንመዝነው ይህን አገልግሎት ነው፦ ካውንስሎች የማቆሚያና የትራፊክ ገደብ የሚያወጡበትን መንገድ። ነገሩ የሐበሻውን ማኅበረሰብ በሦስት በኩል ይነካዋል። ምግብ ቤትና ሱቅ ያለው ሰው ዕቃ የሚያወርድበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ የሚኒካብ ሹፌር ሲሠራ አድሮ መኪናውን ቤቱ አጠገብ ማቆም ይፈልጋል፤ የሰበካ ጉባኤም እሑድ ከሩቅ ለቅዳሴ የሚመጣውን ምእመን ያስባል። የምንናገረው ስለ እንግሊዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው ደንብ አላቸው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ሕጉ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። የይግባኙ ሥርዓት ደግሞ ሰው ከሚገምተው በላይ ጥሩ ነው። የሚያሳዝነው መካከሉ ነው፤ ሰውን ማሳወቁና መስማቱ። የጉዳቱ ምንጭም አብዛኛውን ጊዜ የካውንስሉ ሠራተኛ ክፋት አይደለም። ደንቡ በማሳወቅ በኩል የሚጠይቀው በጣም ትንሽ በመሆኑና ካውንስሉም በዚያች ትንሽ ግዴታ ስለሚረካ ነው።

ቀለሙ ሕግ አይደለም

ብዙ ሰው ቢጫው መስመር ራሱ ሕግ ይመስለዋል። ሕጉ ከመስመሩ ጀርባ ያለው ሰነድ ነው፤ በእንግሊዝኛው ትራፊክ ሬጉሌሽን ኦርደር፣ በአጭሩ የትራፊክ ትዕዛዝ የሚባለው። ትዕዛዙ የጎዳናውን ስም፣ የትኛውን ወገን፣ ከየት እስከ የት፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ ለማን እንደማይሠራ ይዘረዝራል። ሥልጣኑ የሚመነጨው ከ1984ቱ የመንገድ ትራፊክ ደንብ አዋጅ ነው። ከለንደን ውጭ አንቀጽ 1፣ በለንደን ደግሞ አንቀጽ 6 ላይ ይቆማል።

ይህን ማወቅ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ምልክት ትዕዛዝ የለውምና። በግል መኪና መግቢያ ፊት ለፊት የሚቀባው ነጭ ረጅም መስመር ለምሳሌ የጨዋነት ጥያቄ እንጂ ክልከላ አይደለም፤ ለመስመሩ ሲባል ቲኬት አይቆረጥም። የተቃራኒውም አለ። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ለመኪና ወይም ለተሽከርካሪ ወንበር መተላለፊያ ተብሎ ዝቅ በተደረገበት ቦታ ፊት ለፊት ማቆም፣ በ2004ቱ የትራፊክ አስተዳደር አዋጅ አንቀጽ 86 መሠረት፣ መስመርም ሰሌዳም ሳይኖር ያስቀጣል። የግል ቤት መግቢያ ሲሆን ግን ካውንስሉ የሚቀጣው የቤቱ ነዋሪ ሲያመለክት ነው።

የ1984ቱ አዋጅ ለምን ምክንያት ገደብ ማውጣት እንደሚቻል ቆጥሮ ያስቀምጣል፦ አደጋን ለመከላከል፣ መንገዱ ወይም አጠገቡ ያለ ሕንፃ እንዳይጎዳ፣ መተላለፊያው እንዳይዘጋ፣ ለጎዳናው የማይመጥን ተሽከርካሪ እንዳይገባ፣ የአካባቢው ምቾት እንዲጠበቅ፣ የአየር ጥራት እንዲሻሻል። በአንቀጽ 122 ደግሞ ካውንስሉ የትራፊክን ፈጣንና ደህና እንቅስቃሴ፣ እግረኛውንም ጨምሮ፣ እንዲሁም በቂ የማቆሚያ ቦታ መኖሩን እንዲያመዛዝን ግዴታ ተጥሎበታል። ገንዘብ ማግኘት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሰሜን ለንደን የሚገኘው ባርኔት ካውንስል የነዋሪ ፐርሚትን (የማቆሚያ ፈቃድን) ከ40 ወደ 100 ፓውንድ፣ የእንግዳ ኩፖንን ከ1 ወደ 4 ፓውንድ ሲያሳድግ ነዋሪዎች ከስሰው ሐምሌ 2013 በከፍተኛው ፍርድ ቤት ረቱ። ፍርድ ቤቱ አዋጁ የገቢ መሰብሰቢያ አይደለም አለ። ስለዚህ አንድ የካውንስል ሪፖርት ስለ ገደቡ እያወራ በጎን የበጀት ጉድለትን ካነሳ፣ ያንን ዐረፍተ ነገር ቀድቶ ማስቀመጥ ይገባል።

ጥያቄው ከየት ይጀምራል

አብዛኛው ገደብ የሚጀምረው ከካውንስሉ ሳይሆን ከነዋሪ አቤቱታ ነው። ባቡር ጣቢያ አጠገብ የሚኖር ሰው ሌሎች መኪናቸውን ጥለው ወደ ሥራ እየሄዱበት ይቸገራል፤ ቆሻሻ የሚሰበስበው መኪና መታጠፍ ያቅተዋል፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ሕፃን ሊገጭ ይቃጣል። ጥያቄው ወደ ትክክለኛው ቢሮ መድረስ አለበት። በካውንቲና በዲስትሪክት በተከፈሉ አካባቢዎች የመንገዱ ባለሥልጣን ካውንቲው ነው፤ ለዲስትሪክቱ የተጻፈ ደብዳቤ ሲዞር ይከርማል። በለንደን የየክፍለ ከተማው (የቦሮው) ካውንስል ነው፤ ቀይ መስመር ያለባቸው ዋና መንገዶች ግን የከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ የትራንስፖርት ፎር ለንደን፣ ናቸው።

ነገሩ ዘገምተኛ ነው። አንድ ትዕዛዝ ማውጣት በጋዜጣ ማስታወቂያው፣ በሕግ ክፍሉና በመሐንዲሱ ሰዓት ምክንያት በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ይፈጃል። ስለዚህ ካውንስሎች የብዙ ጎዳናዎችን ጥያቄ አጠራቅመው በአንድ ትዕዛዝ ያወጣሉ። አንድ የመታጠፊያ ጥግ ላይ ሃያ ሜትር ቢጫ ለመቀባት ዓመት መጠበቅ የተለመደ የሆነው ለዚህ ነው። ይህንን እንደ ድክመት አንቆጥረውም። ከባዱ ድክመት ካውንስሎች ጥያቄው በየትኛው ጥቅል ውስጥ እንዳለና መቼ እንደሚታይ ለጠያቂው አለመንገራቸው ነው።

መሐንዲሱ ሲመጣ የሚለካቸው ቁጥሮች ለማንም የተሰወሩ አይደሉም። የአገሪቱ የመንገድ መመሪያ ከመጋጠሚያ 10 ሜትር ውስጥ ማቆም አይገባም ይላል፤ የጥግ ቢጫ መስመሮች ብዙ ጊዜ 10 ሜትር የሚሆኑትም ከዚህ የተነሣ ነው። የእሳት አደጋ መኪና ቆሞ ለመሥራት 3.7 ሜትር ስፋት ይፈልጋል። እንግዲህ ይህን አስቡ፦ ጎዳናው 7 ሜትር ቢሆንና በሁለቱም ወገን መኪና ቢቆም፣ ለአንድ መኪና 2 ሜትር ስንይዝ 4 ሜትሩ ተበልቶ 3 ሜትር ይቀራል። አይበቃም። አንዱ ወገን ቢጫ ይሆናል ማለት ነው። ሜትር ይዞ ወጥቶ ይህን ስሌት አስቀድሞ የሠራ ነዋሪ የካውንስሉን ሐሳብ ከመምጣቱ በፊት ያውቀዋል፤ የሚከራከረውም የትኛው ወገን ይዘጋ በሚለው ላይ ይሆናል።

ለነዋሪዎች ዞን፣ ማለትም በተወሰነ ሰዓት ፐርሚት ላለው ነዋሪ ማቆሚያ ለሚጠበቅበት ሰፈር፣ ሲሆን የመኪና ቆጠራ ይደረጋል። ሌሊት የሚቆጠረው የነዋሪው መኪና ነው፤ ቀን የሚቆጠረው የሠራተኛውና የገበያተኛው። ብዙ ካውንስሎች ካለው ቦታ 85 በመቶው ከተያዘ ጎዳናው ሞልቷል ብለው ይወስዳሉ። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ቆጠራው የሚካሄድበት ቀን ነው። የትምህርት ቤት ዕረፍት ሳምንት የተቆጠረ ጎዳና ባዶ ይመስላል። ለቤተ ክርስቲያን አካባቢ ማክሰኞ ቀን የተቆጠረ ቁጥር ስለ እሑድ ምንም አይናገርም። የቆጠራውን ቀንና ሰዓት መጠየቅ ከሁሉ የቀለለና ከሁሉ የበዛ ፍሬ ያለው ጥያቄ ነው። ካውንስሉ በፈቃዱ ካልሰጠ በ2000ው የመረጃ ነፃነት አዋጅ ይጠየቃል፤ መልሱ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መምጣት አለበት።

ሁለቱ ምክክሮች፣ አንዱ ዋናው

ለዞን ሲሆን ብዙ ካውንስሎች ሁለት ጊዜ ያማክራሉ። የመጀመሪያው መጠይቅ ነው፦ ዞን ትፈልጋላችሁ ወይ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት? ይህን ለማድረግ የአሠራር ደንቡ አያስገድድም። ሁለተኛው በ1996ቱ የአሠራር ደንብ የታዘዘው ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ኃይሉን የሚያወጣው በሁለተኛው ላይ ነው፤ ጉዳዩ የሚወሰነው ግን በአብዛኛው በመጀመሪያው ነው። በመጠይቁ ጊዜ ሐሳቡ ገና ጭቃ ነው፤ በሁለተኛው ደርቋል። ካርታው ተስሏል፣ ረቂቁ በሕግ ክፍል አልፏል፣ ገንዘቡ ተመድቧል። መጠይቁ በፖስታ ሲመጣ እንደ ማስታወቂያ ወረቀት አይጣል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ነው።

ሁለተኛው ሲጀምር ካውንስሉ ፖሊስን፣ እንደ ጉዳዩም የአምቡላንስና የእሳት አደጋ አገልግሎትን፣ የአውቶቡስ ድርጅቶችንና የጭነት ማኅበራትን ያማክራል። ከዚያ ማስታወቂያውን በአካባቢው በሚነበብ ጋዜጣ ያወጣል፤ በለንደን ደግሞ ለንደን ጋዜት በሚባለው የመንግሥት ጋዜጣ ይጨመራል። ይህን ብዙ ሰው ሲሰማ ይደነግጣል፤ በመንገድ ላይ ወረቀት መለጠፍና ለየቤቱ ደብዳቤ መላክ በደንቡ ውስጥ ካውንስሉ ተገቢ መስሎ ሲታየው የሚያደርገው ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ቤት ደብዳቤ የመላክ ግዴታ የለም። ከአገልግሎቱ ሁሉ ዝቅተኛውን ነጥብ የምንሰጠው ለዚህ ክፍል ነው። በአማርኛ ቀርቶ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወቂያ እንኳ ብርቅ ነው። ጋዜጣውን የሚገዛ ሰው እየጠፋ፣ ሱቁን ከጠዋት እስከ ማታ የሚጠብቅ ሰው ከጋዜጣ አንብቦ ይሰማል ማለት አይጨበጥም። ጥሩ የሚሠሩ ካውንስሎች በኢሜይል ማሳወቂያ አላቸው፤ የጎዳናን ስም ወይም ፖስትኮድ አስገብቶ መመዝገብ ይቻላል። የማኅበረሰብ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት ቢያንስ አንድ ሰው መድበው ይህን ቢከታተሉ ብዙ ችግር ይቀንሳል።

ከማስታወቂያው ጋር ለሕዝብ መቀመጥ ያለባቸው ሰነዶች አሉ፦ ረቂቅ ትዕዛዙ፣ ካርታው፣ የምክንያት መግለጫው፣ የሚሻሻል የቆየ ትዕዛዝ ካለ እሱም። ካርታውን ብቻ አይቶ መመለስ ስሕተት ነው። ከሁሉ የሚጠቅመው የምክንያት መግለጫው ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ካውንስሉ በኋላ የሚመዘነው በእነዚያ ዐረፍተ ነገሮች ነው።

የሚሠራ ተቃውሞ እንዴት ይጻፋል

ተቃውሞ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ምክንያቱን መናገር አለበት፣ በማስታወቂያው ላይ ወደተጻፈው አድራሻ በ21 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። የትዕዛዙ መለያ ቁጥር ከላይ ይጻፋል። ከዚያ ጎዳናው፣ ወገኑና የቤት ቁጥሩ፦ «ከቁጥር 12 እስከ 18 ፊት ለፊት በሰሜኑ ወገን» ዓይነት። «አልስማማም» ብቻ የሚል ደብዳቤ ይቆጠራል እንጂ አይመዝንም። የፊርማ ማሰባሰቢያም እንዲሁ፤ ብዙ ካውንስሎች መቶ ፊርማ ያለበትን ወረቀት እንደ አንድ ተቃውሞ ይይዙታል። ሃያ ሰው በየራሱ ቃል የጻፈው ሃያ ደብዳቤ ይበልጣል። አንድ ጽሑፍ ተገልብጦ ስም ብቻ ተቀይሮ የሚላክ ከሆነ ግን ሪፖርቱ ላይ በአንድ መስመር ይጠቃለላል።

ከሁሉ የሚያዋጣው ሙሉ በሙሉ ይቅር ማለትን ትቶ ይህ ይቀየር ማለት ነው። ካውንስሉ ረቂቁን ቀለል አድርጎ ማጽደቅ ይችላል፤ ለውጡ ከባድ ከሆነ ግን የሚነካቸውን ሰዎች እንደገና ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ የካውንስሉ ሠራተኛ ያለ አዲስ ማስታወቂያ ሊቀበለው የሚችለው ጥያቄ ገደቡን የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይደለም። ለምሳሌ ከሰኞ እስከ እሑድ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚል ዞን ሲቀርብ «እሑድ ይውጣ» ወይም «እሑድ ከቀትር በኋላ ይጀምር» ማለት ይቻላል። ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ከዚህ ጋር የ2010ሩ የእኩልነት አዋጅ አንቀጽ 149 ይጠቀሳል። ካውንስሉ ውሳኔው በሃይማኖት፣ በዕድሜና በአካል ጉዳት ምክንያት ሰዎችን እንዴት እንደሚነካ በቅጡ ማሰብ ግዴታው ነው። ቅዳሴው የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ሰዓት፣ በመኪና የሚመጣው ምእመን ብዛት፣ ስንቱ አረጋዊ እንደሆነ፣ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ በየስንት ደቂቃው እንደሚመጣ በቁጥር ይቅረብ። ስሜት ያለ ቁጥር እዚህ አይሰማም፤ ይህ ያሳዝናል፣ ግን እውነት ነው።

ለምግብ ቤትና ለሱቅ ባለቤቶች አንድ የተለየ መሣሪያ አለ፤ ብዙዎች አያውቁትም። ዕቃ መጫንና ማውረድን የሚከለክል ረቂቅ ቀኑን ሙሉ ከሆነ፣ ወይም በእንግሊዝ አቆጣጠር ከጠዋቱ 7፡00 በፊት፣ ከ10፡00 እስከ 16፡00 ባለው ጊዜ ወይም ከምሽቱ 19፡00 በኋላ የሚሠራ ከሆነ፣ ፍሬ ያለው ተቃውሞ ቀርቦበት ካልተነሣ ካውንስሉ ይፋዊ የሕዝብ ምርመራ ማካሄድ አለበት። ገለልተኛ መርማሪ ተቀምጦ ሁለቱንም ወገን ይሰማል። መጋጠሚያ አጠገብ ላለ አጭር ርዝመት ደንቡ ልዩ ሁኔታ አለው፤ ሌላው ቦታ ግን ይሠራል። ምርመራ ጊዜም ገንዘብም ስለሚፈጅ አንድ በደንብ የተጻፈ የባለ ሱቅ ደብዳቤ ብቻውን ካውንስሉን ወደ ድርድር ያመጣዋል። ደብዳቤው በሳምንት ስንት ጊዜ ዕቃ እንደሚመጣ፣ በምን ዓይነት መኪና፣ ማውረዱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ የዘይት ጀሪካንና የጤፍ ከረጢት ከምን ያህል ርቀት መሸከም ግድ እንደሚሆን ይናገር።

ውሳኔውን አንዳንዴ ባለሥልጣን ቢሮ ውስጥ፣ አንዳንዴ የካቢኔ አባል ወይም ኮሚቴ ይሰጣል። ስብሰባ ከሆነ ሪፖርቱ ከአምስት የሥራ ቀናት በፊት ይወጣል። ተቃውሞው በአባሪው ውስጥ መኖሩንና በትክክል መጠቃለሉን ማየት ያስፈልጋል፤ ከጎደለ ያኔውኑ በኢሜይል ለኮሚቴው ጸሐፊና ለአካባቢው ካውንስለር ይነገር። ፍርድ ቤቶች ከ1985 ጀምሮ የያዙት መለኪያ ግልጽ ነው፦ ሐሳቡ ገና ሳይጠነክር መማከር፣ ሰው አስቦ እንዲመልስ በቂ ምክንያት መስጠት፣ በቂ ጊዜ መስጠት፣ የመጣውን መልስ ከልብ ማየት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ይህንኑ አጽንቶታል።

ትዕዛዙ ከወጣ ካውንስሉ በ14 ቀን ውስጥ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ለተቃወሙትም ተቃውሞው ያልተሰማበትን ምክንያት ይጽፋል። ከመጀመሪያው ማስታወቂያ ሁለት ዓመት ካለፈ ግን ያ ረቂቅ ሞቷል፤ እንደገና መጀመር አለበት። ሕጋዊነቱን በከፍተኛው ፍርድ ቤት ለመሞገት ያለው ጊዜ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። ወጪው ከባድ ነው፤ ለብቻ የሚሞከር አይደለም።

የሙከራ ትዕዛዝ፦ የተገለበጠው ቅደም ተከተል

ከ2020 ወዲህ መንገድ በአበባ ማስቀመጫና በካሜራ የዘጉ ካውንስሎች ብዙዎቹ የተጠቀሙት በ1984ቱ አዋጅ አንቀጽ 9 ያለውን የሙከራ ትዕዛዝ ነው። እዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ መንገዱ ይዘጋል፣ ከዚያ ሰው ይናገራል። ማስታወቂያው ከወጣ ከሰባት ቀን በኋላ ሥራ ላይ ሊውል ይችላል። ተቃውሞ የሚቀበለው ሥራ ላይ ከዋለበት ቀን ጀምሮ ለስድስት ወር ነው፤ መካከል ላይ ከተቀየረ ስድስት ወሩ ከለውጡ ጀምሮ እንደገና ይቆጠራል። ዕድሜው ከ18 ወር አይበልጥም፤ በዚያ ውስጥ ወይ ቋሚ ይሆናል ወይ ይወድቃል።

እንደ አሠራር የሙከራውን መንገድ በጥርጣሬ አናየውም፤ በትክክል ከተሠራበት ከቋሚው ይሻላል እንላለን። ሰው ካርታ አይቶ ከመገመት ስድስት ወር ነድቶበት ሲናገር ይበልጥ ያውቃል። ችግሩ ከመዘጋቱ በፊት ያለውን ሁኔታ ሳይለኩ መጀመር ነው። የመኪና ብዛት፣ የአውቶቡስ ጊዜ፣ የአየር ብክለት ከመዘጋቱ በፊት ካልተለካ በኋላ የሚወጣው ቁጥር ከምን ጋር ይነጻጸራል? የሚኒካብ ሹፌሮች እዚህ ከማንም የተሻለ ማስረጃ አላቸው፤ በመተግበሪያቸው ውስጥ የተቀመጠው የጉዞ ሰዓት ከመዘጋቱ በፊትና በኋላ ተነጻጽሮ ሊቀርብ ይችላል። በስድስቱ ወር ውስጥ ያንን አውጥቶ ማስገባት ከአሥር ሰልፍ ይበልጣል።

መስማት ካልተቻለ ምን እንደሚከተል ግንቦት 2025 ታይቷል። በደቡብ ለንደን ላምቤዝ ካውንስል በዌስት ደልዊች ያቋቋመውን የትራፊክ መቀነሻ ሰፈር ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ነው አለ። ካውንስሉ የወደቀው ነዋሪዎቹ ሥጋታቸውን ዘርዝረው ያቀረቡትን ሰነድ በውሳኔው ውስጥ ከግምት ባለማስገባቱ ነው። ሥጋቱ በጽሑፍ መቅረቡ ጠቅሟል፤ በስብሰባ ላይ በቃል ብቻ የተነገረን ነገር ኋላ ማስረዳት ይከብዳል።

ሰሌዳው፣ ቀለሙና ቲኬቱ

ትዕዛዙ ከጸና በኋላ ካውንስሉ ምልክቱን በ2016ቱ የትራፊክ ምልክቶች ደንብ መሠረት መትከልና መጠበቅ አለበት። ስሕተት የሚበዛው እዚህ ነው፤ ለአሽከርካሪውም የሚጠቅመው ይህን ማወቅ ነው። ድርብ ቢጫ ማለት ሌሊትም በዓልም ሳይባል ሁልጊዜ ማቆም ክልክል ነው፤ ሰሌዳ አያስፈልገውም። ነጠላ ቢጫ ሰዓቱን የሚነግር ትንሽ ሰሌዳ ይፈልጋል፤ ሰሌዳው ሰዓት ብቻ ጽፎ ቀን ካልጻፈ እሑድንም በዓልንም ይጨምራል። በዞን ውስጥ ግን ነጠላ ቢጫው በየቦታው ሰሌዳ ላይኖረው ይችላል፤ ሰዓቱ የተጻፈው ወደ ዞኑ በሚያስገባው መንገድ ላይ ባሉት ትልልቅ ሰሌዳዎች ነው። ቢጫው የሚከለክለው አስፋልቱን ብቻ አይደለም፣ ከጀርባው ያለውን የእግረኛ መንገድም ነው። በጠርዙ ላይ ያሉ ሁለት ቢጫ ጭረቶች ዕቃ ማውረድም ሁልጊዜ ክልክል ነው ማለት ነው፤ አንድ ጭረት ከሆነ ሰዓቱ ሰሌዳው ላይ አለ። ጭረት በሌለበት ቢጫ ላይ ብሉ ባጅ (የአካል ጉዳተኛ የማቆሚያ ካርድ) ያለው ሰው በአብዛኛው ቦታ ሰዓት ማሳያውን አስቀምጦ እስከ ሦስት ሰዓት ማቆም ይችላል፤ ጭረት ባለበት አይችልም።

ከአገር ቤት አዲስ ለመጡ አንድ ማሳሰቢያ፦ ሰሌዳው ላይ ከጠዋቱ 8 እስከ ምሽቱ 6፡30 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12፡30 ነው። ቀላል ይመስላል፤ ጓደኛ በስልክ «ስምንት ሰዓት ነው የሚጀምረው» ሲል የትኛውን ስምንት እንደሆነ መጠየቅ ግን ቅጣት ያድናል።

ቲኬት ከመጣ አገልግሎቱ እዚህ ላይ ይሻሻላል። በ14 ቀን ውስጥ የሚከፍል ሰው ግማሹን ይከፍላል። መከራከር የሚፈልግ በዚያው ጊዜ ውስጥ ይጻፍ፤ ካውንስሎች ተቃውሞውን ባይቀበሉም ብዙ ጊዜ ግማሹን ዋጋ እንደገና ያቀርባሉ። ካልተስማሙ ለመኪናው ባለቤት ይፋዊ ማስታወቂያ ይመጣል፤ 28 ቀን አለው። ካውንስሉ በ56 ቀን ውስጥ ካልመለሰ የባለቤቱን መከራከሪያ እንደተቀበለ ይቆጠራል። ከተከለከለ ደግሞ በ28 ቀን ውስጥ ወደ ገለልተኛው ዳኛ መሄድ ይቻላል፤ በለንደን ለንደን ትራይቡናልስ፣ ከለንደን ውጭ ትራፊክ ፔናልቲ ትራይቡናል። ክፍያ የለውም፣ በኢንተርኔትና በስልክ ይሠራል፣ ጠበቃ አያስፈልግም። ለማመልከት አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። ከመላው አገልግሎት ሙሉ ነጥብ የምንሰጠው ለዚህ ነው።

ለዳኛው የሚቀርበው ፎቶ ዋናው ነው፦ መኪናው የቆመበት ቦታ፣ ቅርብ ያለው ሰሌዳ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት፣ መስመሩ ተፍቆ ወይም በአስፋልት ጥገና ተቆርጦ ከሆነ እሱ። በዚያው ቀን ይነሣ፤ ካውንስሉ ከሳምንት በኋላ ቀለሙን ሊያድሰው ይችላል። ከፎቶው ጋር የትዕዛዙ ቅጂ ይጠየቅ። በትዕዛዙ ላይ «ከመጋጠሚያው 10 ሜትር» ተብሎ በመሬት ላይ 14 ሜትር ከተቀባ፣ በትርፉ 4 ሜትር ላይ የቆመ መኪና የጣሰው ትዕዛዝ የለም። ትዕዛዙ ራሱ ሲወጣ ምክክሩ በደንብ አልተደረገም የሚለው ክርክር ግን እዚህ አይሠራም፤ የእሱ ጊዜ ስድስቱ ሳምንት ነበር።